ቦዩ ከዝናቡ ይቅደም

ውድ የሰፈራችን ነዋሪዎች!

የጎርፍ መውረጃውን ቦይ ስንጀምር ከሰኔ በፊት ልንጨርሰው ተስማምተን ነበር። ይኸው ግንቦት ተጋመሰ፤ ቦዩ ግን ገና ከግማሽ አላለፈም። ገንዘብ አጥተን አይደለም፤ ዶማና አካፋውም ሞልቷል። ያዘገየን «ከተሠራ አይቀር እንከን አይውጣለት» የምትለው አባባላችን ነች።

ጠርዙ ሁለት ጣት ቢጣመም አፍርሰን እንደገና ገነባን። ድንጋዩ ይጠረብ፣ አይጠረብ ስንባባል ሦስት እሑድ በክርክር አለቀ። ኮሚቴው ውስጥ ያለነውም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለንም።

እስቲ እናስተውል። ጎርፍ የድንጋይ ውበት አይመርጥም። ቁልቁለቱ ከተስተካከለ፣ አፈሩ ከተጠረገና መውጫው ካልተደፈነ ሻካራውም ቦይ ውሃውን ያወርዳል። ያማረ ግን ያላለቀ ቦይ ደግሞ ከላይ የሰበሰበውን ጎርፍ መሐል መንገድ ላይ ይለቀዋል፤ ዕዳው ከታች ላሉት ቤቶች ነው። ጎርፍ ቀጠሮ አያከብርም፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ድሬዳዋን በሌሊት የመታው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሕይወት ቀጥፏል።

እንዲያው በግብር ይውጣ ይሠራ ማለታችን አይደለም። በጥልቀቱና በቁልቁለቱ ቀልድ የለም። ጠርዙን ማሳመሩ ግን ለጥቅምት ይደርሳል።

ስለዚህ በመጪዎቹ ሁለት እሑዶች ከየቤቱ አንድ ሰው ያለ ሰበብ ይውጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ክርክሩን ትተን ቁፋሮውን እንጨርስ!