የሰብሳቢ ቸርነት ፖሊሲ አይሆንም

በቶሮንቶ ብሉር ጎዳና ከኩዊንስ ፓርክ በሚገናኝበት ማዕዘን የቆመው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1914 ለሕዝብ ሲከፈት፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የባንክ ባለሀብቱ ሰር ኤድመንድ ዎከር ነበር። ዎከር የጃፓን ሕትመቶችን ይሰበስብ ነበር። ከእርሱ ትውልድ ለከተማይቱ አንድ ምስል ተላልፏል፦ ሀብታም፣ የተማረ፣ የሌላው ዓለም ቸል ያለውን ቅርስ ከጥፋት አድኖ በመጨረሻ ለሕዝብ የሚሰጥ ጨዋ ሰብሳቢ። ኢትዮጵያውያንም ይህን ምስል ሳይመረምሩ ተቀብለውታል። ሰብሳቢው ብራና ወይም መስቀል ሲመልስ ያመሰግናሉ፤ ሳይመልስ ሲቀር ልቡ እስኪራራ ይጠብቃሉ። ይህ ጥበቃ መቆም አለበት። ሰብሳቢው በሕዝብ ድጎማ የሚጠቀም ባለንብረት ነውና፣ ከእርሱ የሚጠየቀው ተጠያቂነት እንጂ ርኅራኄ አይደለም።

የጥበቃው ውጤት ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 መቅደላ ከወደቀች በኋላ የእንግሊዝ ጦር ዘረፋውን በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ፣ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሸጠው። የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ለተቋሙ 350 ያህል ብራናዎችን ሲያገኝ፣ ሌሎቹ በየግለሰቡ እጅ ተበተኑ። አምስቱ ውለው አድረው የቢራ ፋብሪካ ባለቤት የነበረው የሰር ሄንሪ ሚዩክስ ሚስት፣ ሌዲ ሚዩክስ እጅ ገቡ። እርሷም ቲዮባልድስ ፓርክ በተባለው መኖሪያዋ ከጥንታዊ የግብፅ ቅርሶቿ ጋር አኖረቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1910 ስታርፍ ብራናዎቹ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ እንዲሰጡ ተናዝዛ ነበር። ኑዛዜው ግን ተሻረ፤ በምክንያትነት የተነሣው ንጉሠ ነገሥቱ ሞተዋል መባሉ ነበር። ምኒልክ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ብራናዎቹን የግሪክና የግብፅ ጥንታዊ ዕቃዎችን ያለ ልክ ይሰበስብ የነበረው አሜሪካዊው የጋዜጣ ባለጸጋ ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ገዛቸው። ኸርስትም ዕዳ ሲጸናበት፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ከስብስቡ ብዙውን ኒው ዮርክ በሚገኝ የገበያ መደብር ለሽያጭ አወጣ።

ቸር ባለንብረት ነበረች፣ የተጻፈ ኑዛዜ ነበረ፣ በስም የተጠራ ተቀባይም ነበር። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ብራናዎቹ አልተመለሱም። ሕግ የሚያውቀው የሽያጭን ሰንሰለት ብቻ በሆነበት አገር መልካም ልብ የሚዘልቀው እስከ መቃብር ነው።

የዛሬዋ ካናዳ ለሰብሳቢው ከኸርስት ዘመን የተሻለ ስሌት አዘጋጅታለታለች። የባህል ንብረት ምርመራ ቦርድ ያረጋገጠለትን ዕቃ ለታወቀ ተቋም የሚሰጥ ሰው የካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብር አይከፍልም፤ የስጦታውንም ሙሉ ግምት እስከ ዓመታዊ የተጣራ ገቢው 100 በመቶ ድረስ ለግብር ቅናሽ ያውለዋል። ለተራ ስጦታ ጣሪያው 75 በመቶ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የኦንታሪዮ ባለጸጋ ከ30 ዓመት በፊት በ20,000 ዶላር የገዛው ዕቃ ዛሬ 200,000 ዶላር ቢገመት፣ በከፍተኛው የገቢ እርከን ላይ የሚያገኘው የግብር ቅናሽ ወደ 100,000 ዶላር ይጠጋል። ሰጪው አትርፎ፣ ስሙም በአዳራሽ በር ላይ ይቀረጻል። ልዩነቱን የሚሸፍነው የግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው፤ ከእነዚህም መካከል በዳንፎርዝ ጎዳና ምግብ ቤት ከፍተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አሉ።

የማስመለሻው በር ግን ጠባብ ነው። ካናዳ የ1970ውን የዩኔስኮ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1978 ተቀብላለች፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ከዚያ ብዙ ዘግይታ ነው። የካናዳ ሕግ የሚመለከተው ስምምነቱ በሁለቱም አገሮች ከጸና በኋላ በሕገ ወጥ መንገድ የወጣውን ብቻ ስለሆነ፣ መቅደላም ሆነ የ20ኛው ምዕተ ዓመት ፍልሰት ከደጅ ይቀራሉ። በሩ ቢከፈት እንኳ፣ ፍርድ ቤቱ በቅን ልቡና ለገዛው ሰው ጠያቂው አገር ካሳ እንዲከፍል ሊወስን ይችላል። ለሰጪው ድጎማ፣ ለተዘረፈው ሒሳብ ማለት ነው።

የሰብሳቢው ጠበቆች «ባይሰበሰብ ኖሮ ይጠፋ ነበር» ይላሉ። ድህነትና ጦርነት ብዙ ቅርስ ማጥፋታቸው አይካድም። ነገር ግን በካርቦን ምርመራ ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምዕተ ዓመት መካከል የተገመተው የአባ ገሪማ ወንጌሎች ዓድዋ አጠገብ በገዳማቸው ከሺህ ዓመት በላይ ተጠብቀዋል። የሌዲ ሚዩክስ ስብስብ ከባለቤቱ ሞት በኋላ አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም።

መልሶ መግዛትም መድኃኒት ተደርጎ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2021 የሼሄራዛድ ፋውንዴሽን የመቅደላ ዕቃዎችን ገዝቶ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ አስረክቧል፤ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ልማድ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ግዢ ለሚቀጥለው ሻጭ የዋጋ ወለል ይሠራል፤ ዳያስፖራው የራሱን ንብረት ዋጋ የሚያንር ገዢ ይሆናል።

የተሻለው መዋዕለ ንዋይ በቶሮንቶ ተጀምሯል። አቤል ተስፋዬ፣ ዓለም ዘ ዊኬንድ ብሎ የሚያውቀው ድምፃዊ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት 50,000 ዶላር ሲሰጥ የተገዛው ዕቃ ሳይሆን የግዕዝ አንባቢ ነበር። የብዙ ብራናዎች ኅዳግ መጽሐፉ የየትኛው ደብር እንደሆነ፣ ማን እንዳጻፈው፣ የሚሰርቀውም እንደሚወገዝ ይናገራል። የባለቤትነት ሰነዱ በዕቃው ላይ ተጽፎ ሳለ «ምንጩ አይታወቅም» የሚለው መለያ የሚቆመው አንባቢ እስከጠፋ ድረስ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው በኦታዋና በሙዚየሞቹ ፊት በግልጽ ይቅረብ። የግብር ቅናሽ የሚጠየቅበት ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ቅርስ ከአገሩ እንዴትና መቼ እንደወጣ ለሕዝብ ይፋ ይሁን፤ ያ ታሪክ የሌለው ዕቃ ድጎማ አያግኝ። ተቋማት በመጋዘን ያሉ የኢትዮጵያ ዕቃዎቻቸውን ከነታሪካቸው ይዘርዝሩ፤ ኅዳጉንም ግዕዝ የሚያውቅ ያንብበው። ሰብሳቢው የፈለገውን ይግዛ፤ ምንጩ ለማይታወቅ ዕቃ ግን ሕዝቡ ገንዘቡን አይጨምርለት።