የሚንጠባጠበው ቧንቧ የማን ነው?



እኛ አዲስ አበቤዎች ውሃ በፈረቃ የምናገኝ ሰዎች ነን። የመጣ ለታ ሌሊት ተነሥተን ባልዲና ጀሪካን እንደረድራለን። እንዲህ የተጠበቀው ውሃ ግን በየግቢው ሲንጠባጠብ ያድራል። ጎረቤት ሲጠየቅ «የእኔ አይደለም፣ የጋራ ነው» ይላል። የጋራ የሆነ ነገር ባለቤት የለውም ማለት ነው እንዴ?

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ልናገር። ሂሳብ ሲበዛብኝ ቆጣሪ አንባቢውን አማሁት። በኋላ ሲታይ ጥፋቱ የቤቴ ሆኖ ተገኘ። የሽንት ቤቱ ገንዳ ውስጥ ያለችው ጎማ አልቃ፣ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ይወርድ ኖሯል።

እስቲ አብረን እናስላ። በ10 ደቂቃ አንድ ሊትር የሚሞላ ቀጭን ፍሳሽ በቀን 144 ሊትር ነው። ሮቶ ባለበት ቤት ፈረቃው ቢሄድም መፍሰሱ ስለማይቆም፣ በ30 ቀን 4,320 ሊትር ይሆናል። ይህ ማለት ባለ 20 ሊትር 216 ጀሪካን ነው! የተጠቀምነው ሲበዛ ደግሞ ታሪፉም ከፍ ይላል።

ምርመራው ቀላል ነው። ውሃ በመጣ ሌሊት ሮቶው ሞልቶ ሲያበቃ ቧንቧዎችን ሁሉ ዝጉና የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ለአንድ ሰዓት ማንም ውሃ አይንካ። ቁጥሩ ከጨመረ የሚያፈስ ቦታ አለ። ለሽንት ቤቱ ደግሞ ገንዳው ውስጥ የቀይ ሥር ውሃ ጨምሩበት። ሳትለቁት ከ15 ደቂቃ በኋላ መቀመጫው ከቀላ ጎማዋ ትቀየር። በበጋ ሣር የለመለመበት ወይም የረጠበ መሬት ካለ ከሥሩ ያለው ቧንቧ ይታይ። ሻይ ቤት፣ ፀጉር ቤትና መኪና አጠባ ያላችሁም ማታ ስትዘጉና ጧት ስትከፍቱ ቆጣሪውን አስተያዩ።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ውሃ ሲቋረጥ ቧንቧው ባዶ ይሆንና በቀዳዳው የቦይ ቆሻሻ ሊስብ ይችላል። ውሃው ሲመለስ ያ ቆሻሻ ልጆቻችን ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። በ2008 ዓ.ም. አተት ከተማችንን እንዴት እንዳስጨነቃት የምንረሳው አይደለም። ስለዚህ በቦይ ውስጥ የሚያልፍ ቀዳዳ ቧንቧ በፌስታልና በጎማ ቁራጭ ታስሮ አይተው። ቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ ቁራጩ ይቀየር።

ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የእኛ ነው፤ እንጠግነው። ከቆጣሪው ወዲያ መንገድ ላይ የፈነዳውን ያየ ሁሉ «ሌላው ይናገራል» ሳይል ለውሃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ ያመልክት። የጋራ ቧንቧ ያለው ግቢም በየሳምንቱ ቆጣሪ የሚያይ አንድ ሰው ይምረጥ፣ የጥገናውንም ወጪ እኩል ያዋጣ። ሃምሳ ሆኖ አንድ ጎማ መግዛት ለማን ይከብዳል?

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት ሁላችንም ቆጣሪያችንን እንድናይ በአክብሮት እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ