መንገዱስ ፈጠነ፤ መውጫውስ ለማን ነው?

የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት በአገራችን የመጀመሪያው የክፍያ ፈጣን መንገድ ነበር። ይህ ባለ ስድስት መስመር አስፋልት ጥቅም የለውም የሚል ካለ እውነት አልተናገረም። በአሮጌው መንገድ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፋ፣ ነፍሱን በእጁ ይዞ ይጓዝ የነበረው ሁሉ እፎይ ብሏል። ምስጋናውን አንነፍግም።

ይሁንና የእንዲህ ዓይነት መንገድ ጥቅም በፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን በመውጫዎቹም ይለካል። መንገዱ ግራና ቀኙ የታጠረ ነው። ቱሉ ዲምቱ የገባ መኪና ቢሾፍቱ፣ ሞጆ ወይም አዳማን በመሰለ መውጫ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል እንጂ ደስ ባለው ቦታ መታጠፍ አይችልም። አጥሩ ለደህንነት ነው፤ እንቀበለዋለን። ግን መውጫ ያገኘ ከተማ ሲገበያይ፣ መውጫ ለሌለው ቀበሌ የሚተርፈው ጩኸትና ጭስ ነው። እርሻው ከወዲህ፣ የከብቱ ውሃ ከወዲያ የሆነበት ገበሬስ ምን ይበል? መንገዱ የተሠራው በከፊል ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። የአገር ዕዳ ደግሞ መውጫ ያለውንና የሌለውን አይለይም!

ሞጆን እንይ። ደረቅ ወደቡ እዚያ ነው፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት የሚራገፈው እዚያ ነው፤ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚያው ነው። እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ሲታነቅ ጣጣው የሞጆ ብቻ አይደለም፤ መርካቶ ድረስ ዋጋ ሆኖ ይመጣል።

አሮጌው መንገድስ? ባጃጁ፣ ጋሪው፣ እግረኛው፣ ክፍያው የከበደው ሁሉ የቀረው እዚያ ነው። አዲሱ አለ ተብሎ አሮጌው ከተዘነጋ ለድሃው የተረፈው ጉድጓድና አደጋ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የሚመለከተው ክፍል መውጫ የት እንደሚከፈት ከመወሰኑ በፊት ነዋሪውን ያማክር። ለገበሬውና ለከብቱ በቂ መሻገሪያ ይሠራለት። ከየመውጫው የሚሰበሰበው ገንዘብ ስንት እንደሆነና የት እንደዋለ በየጊዜው ለሕዝብ ይነገር። አሮጌውም መንገድ ይጠገን። ብድሩን የሚከፍለው ሕዝብ መንገዱ በደጁ ሲያልፍ ቆሞ ተመልካች ብቻ መሆን የለበትም እንላለን!