ኩንታሉ ተቆጥሯል፤ ስንዴውስ ታይቷልን?

ስለ ስንዴ በተነሣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «በሔክታር ስንት ኩንታል ተገኘ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሕዝባችን ቁጥር በየዓመቱ እየጨመረ፥ ዳቦ በሊታው ከተሜም እየበዛ ስለ ሄደ፥ ብዙ ማምረት ግዴታ እንጂ ምርጫ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መንግሥት ስንዴ ወደ ውጭ አገር መላክ መጀመሩን ካስታወቀ ወዲህም የኩንታሉ ነገር ከበፊቱ ይበልጥ መነጋገሪያ ሆኗል። ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ መምጣት የሚገባው ሁለተኛ ጥያቄ አለ። እርሱም «በኩንታሉ ውስጥ ያለው ምን ዓይነት ስንዴ ነው?» የሚል ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን፥ በተለይም ለተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች፥ ልናመለክት የምንወደው ይህንኑ ሁለተኛውን ጥያቄ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን ኩታበርን እንውሰድ። ኩታበር ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ በቅርብ ርቀት የምትገኝ የደቡብ ወሎ ወረዳ ናት። መሬቷ አብዛኛው ተራራና ተዳፋት ነው። ገበሬው በእርከንና በድንጋይ ካብ የተያዘች ጠባብ ማሳውን በበሬ እያረሰ ስንዴውን፥ ገብሱን፥ ጤፉንና ባቄላውን ይዘራል፤ ከቤቱ የተረፈውንም ደሴ ገበያ ያወጣል። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ሰው ደግሞ የዱቄት ፋብሪካ ያገኛል። እህሉ የሚበቅልበት ደጋና ዱቄት የሚሆንበት ከተማ እንዲህ ተቀራርበው ሳሉ፥ በሁለቱ መካከል ያለው መተዋወቅ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ገበሬው ፋብሪካው ምን እንደሚፈልግ አያውቅም፤ ፋብሪካውም ገበሬው ምን እንደ ደከመ አያይም።

በመጀመሪያ አንድ የስም ነገር እናቃና። በውጭ አገር መጻሕፍት «የክረምት ስንዴ» የሚል ስም ያነበበ ተማሪ የኩታበርን የክረምት ስንዴ የሚያገኝ ይመስለው ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የእነርሱ ክረምት በረዶ ነው፤ የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። የአውሮጳ የክረምት ስንዴ በመከር ወራት ተዘርቶ፥ ከበረዶ በታች ከርሞ፥ በበጋ የሚታጨድ ነው። ብዙ ሳምንት ብርድ ካልመታው በቀር አያሸትም፤ በቂ ብርድ ባላገኘበት አገር ቢዘሩት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። የእኛ ስንዴ ግን እንዲህ ያለ ብርድ አይጠብቅም። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ተዘርቶ፥ የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ፥ በጥቅምት ፀሐይ ፍሬውን ሞልቶ፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። የደጋው ሌሊት ቀዝቃዛ መሆኑም ፍሬው ሳይቸኩል ቀስ ብሎ እንዲሞላ ስለሚረዳው፥ ዘመኑ የቀና እንደ ሆነ የደጋ ስንዴ ወፍራምና ከባድ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ይኸው ብርድ ጠላትም ነው። ስንዴው እሸት ሆኖ ወተት በቋጠረበት ወራት ውርጭ የመታው እንደ ሆነ ፍሬው ይጨማደዳል፤ ዛላው ቆሞ ሳለ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ዋግም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በ2003 ዓ.ም. መባቻ የአገራችንን የስንዴ ማሳዎች ያጠቃው ቢጫ ዋግ በብዙ ገበሬዎች ዘንድ የተወደዱትን ቁብሳና ጋላማ የተባሉትን ዝርያዎች ክፉኛ እንደ ጎዳቸው፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲገሉ የተባለውን ዝርያ እንደ ፈጀው የሚታወስ ነው። እንዲህ ያለ ዘመን የሚያመጣው ጉዳት በኩንታሉ ቁጥር ብቻ አይገለጥም፤ የቀረውም ፍሬ ቀጭንና ቀላል ስለሚሆን ከገለፈት በቀር ዱቄት አይወጣውም።

የበልጉ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የደቡብ ወሎ ደጋ ከክረምቱ ሌላ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ያገኛል። በልግ ለረሃብ ወራት ደራሽ ስለሆነ ገበሬው ይወደዋል። ነገር ግን የበልግ እህል የሚደርሰው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ማጭዱና የክረምቱ ዝናብ ይገናኛሉ። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ሲደጋገምበት በዛላው ላይ እንዳለ መብቀል ይጀምራል። መብቀል ማለትም በፍሬው ውስጥ ያለው ኤንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር እያፈረሰው ነው ማለት ነው። ከእንዲህ ያለ ስንዴ የተጋገረ ዳቦ ውስጡ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ይህን ለማወቅ በፋብሪካዎች አንድ ቀላል መሣሪያ አለ፤ ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ በፈላ ውኃ ውስጥ ሲሞቅ፥ አንድ ዘንግ በውስጡ ለመስጠም የሚፈጅበትን ጊዜ ይለካል። ጤነኛ ስንዴ አብዛኛውን ጊዜ ከ250 ሴኮንድ በላይ ይይዘዋል፤ የበቀለው ግን ወዲያው ይለቀዋል።

ከማሳው ወጥተን ወደ አውድማው እንሂድ። ነዶው በበሬ ይበራያል፤ በመንሽ ይገለበጣል፤ ነፋስ ሲነሣ በላይዳ ይዘራል። አውድማው የተለቀለቀ መሬት ስለሆነ አፈር፥ ጠጠርና የከብት እበት ከእህሉ ጋር መቀላቀሉ አይቀርም። በማሳው ሳይታረም የቀረው እንክርዳድና ስናርም አብሮ ይገባል። እንክርዳድ ራስ የሚያዞር መሆኑን አያቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህም ሴቶቹ በሰፌድ ሲያበጥሩና ሲለቅሙ ይውሉ ነበር። ለቤት የሚሆነው ዛሬም ይለቀማል፤ ለገበያ የሚሆነው ግን እንዳለ ይታሰራል። ይህ ለምን ሆነ?

ብዙ ሰው «ገበሬው ስላልሠለጠነ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኛ ግን ይህን አንቀበለውም፤ ምክንያቱን በሒሳብ እናሳያለን። ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል፤ ሁለቱም ከአውድማ አንዳንድ መቶ ኪሎ እህል አፈሱ። እህሉ በመቶ 4 ኪሎ አፈርና እንክርዳድ አለበት፤ እርጥበቱም በመቶ 16 ነው። አንደኛው እንዳለ በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ ደሴ አወጣው፤ 100 ኪሎ ተመዘነለት። ሁለተኛው አበጠረው፤ በፀሐይም አሰጥቶ እርጥበቱን ወደ 12 አወረደው። አሁን ቢመዘን ከ92 ኪሎ አይበልጥም። ነጋዴው ለሁለቱም በኪሎ አንድ ዋጋ ሰጠ። እንግዲህ ትጉሁ ሰው ሁለት ቀን ደክሞ የ8 ኪሎ ዋጋ ተቀጣ፤ አፈርና ውኃ የሸጠው ተሸለመ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ትጉሁ ምን ያደርጋል? ይህን ለመመለስ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያሻም። ገበሬው ሒሳብ አላጣም፤ ሒሳቡ ነው የተጣመመበት።

ጉዳቱ ግን በእርሱ አይቆምም። በመቶ 4 አፈር ያለበት 1,000 ኩንታል ወደ ኮምቦልቻ ሲጫን፥ 40 ኩንታሉ አፈር ሆኖ ኪራይ ተከፍሎበት ይሄዳል። እርጥቡ እህል በመጋዘን ይሞቃል፤ ይሻግታል፤ ነቀዝም ይፈላበታል። ስለዚህ «ለጥሩ ስንዴ ከፍ ያለ ዋጋ ይከፈል ቢባል ዳቦ ይወደዳል» የሚሉን ሰዎች ቢያስቡበት መልካም ነው። ዳቦ በሊታው የአፈሩንና የውኃውን ዋጋ ዛሬውኑ እየከፈለ ነው፤ የሚከፍለው ግን ለማንም በማይጠቅም መንገድ ነው።

ደግሞም በኩንታል ላይ ለገበሬው የሚጨመረው ጥቂት ብር ቀላል ነገር አይደለም። ወሎ ይህን በመራራ መንገድ ተምራዋለች። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙ እንዳልናረ፥ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ስፍራ የተጫነ እህል እንደ ነበረ ገልጠዋል። እህል ሳይጠፋ ሰው አለቀ፤ መግዣው ስለ ጠፋ። ስለዚህ የክምሩ ቁመት ብቻውን የአገርን ደኅንነት አይናገርም፤ ከክምሩ ወደ ገበሬው ኪስ የሚገባውም መታየት አለበት።

«ሩብ ሔክታር ያለው ሰው የሚያመርተው ለአፉ ነው፤ የጥራት ነገር የባለ ትራክተሩ ጉዳይ ነው» የሚሉም አሉ። ይህም እውነት አይመስለንም። ድሀው ገበሬ የሚዘራው ካለፈው ዓመት ያስቀረውን ዘር ነው። ዘሩ የተጨማደደና እንክርዳድ የበዛበት ከሆነ የሚመጣው ዓመት ማሳውም እንዲሁ ይሆናል። ጎተራው ውስጥ የሚነቅዘውም የራሱ ቀለብ ነው። ጥራት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ትርፍ ለሌለው ሰው ነው።

አገራችን ደግሞ በስንዴ ነገር እንግዳ አይደለችም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የአገሩ ስንዴ ዝርያ ብዛት አስደንቋቸዋል። ሐምራዊ ፍሬ ያለውን ስንዴ ጨምሮ ገበሬዎቻችን ለብዙ ዘመን የጠበቁት አብዛኛው ለፓስታና ለመኮረኒ የሚስማማው ጠንካራው ስንዴ ነው። የዳቦው ስንዴ በብዛት የተስፋፋው በኋላ ነው። ታዲያ ሁለቱ በአንድ ጆንያ ተቀላቅለው ሲመጡ ዳቦ ጋጋሪውም መኮረኒ ሠሪውም አይደሰቱም። ለየብቻ ቢሆኑ ግን እያንዳንዱ የሚፈልገው ገዢ አለው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምንለው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በየኅብረት ሥራ ማኅበሩ መረከቢያ ቦታ አንድ ወንፊት፥ አንድ የእርጥበት መለኪያና የአንድ ሊትር መስፈሪያ ከትንሽ ሚዛን ጋር ይኑር። ጥሩ ስንዴ በመቶ ሊትር መስፈሪያ 76 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ የተጨማደደው ከዚህ ብዙ ያንሳል። በጎተራ ለመክረምም እርጥበቱ ከ13 በመቶ መብለጥ የለበትም። ውጤቱ ገበሬው ፊት ይነገር፤ ቢያንስ ሁለት ዋጋ ይኑር፤ የዋጋውም ልዩነት ከመዝራቱ በፊት እንጂ ካጨደ በኋላ አይነገረው። ለአውድማውም ሸራ በዱቤ ይሰጠው። በሲሪንቃ፥ በቁሉምሳና በደብረ ዘይት ያሉት የምርምር ጣቢያዎች ዋግ የሚቋቋም ዝርያ ሲሰጡ፥ ከዝርያው ጋር ፍሬው ለምን እንደሚሆን ለገበሬው ይነገረው።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚቀድመው የሰው ነገር ነው። ወጣቱ ሠራተኛ የወረዳውን ሪፖርት ሲጽፍ የኩንታሉን ድምር ብቻ ጽፎ እንዳይዘጋው፥ ከጎኑ የእርጥበቱን፥ የባዕድ ነገሩንና የክብደቱን ልክ የሚጽፍበት አንድ ዓምድ ይጨምር ዘንድ እናሳስባለን። የግብርና ተማሪውም ሽርሽር ሲወጣ አንድ እፍኝ ስንዴ በመዳፉ ይዞ፥ አንዱን ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ፥ ጠንካራውን ከለስላሳው፥ ጤነኛውን ከበቀለው መለየት ይልመድ። ሽማግሌ ገበሬ ይህን ያውቃል፤ ከእርሱ መማር ነውር አይደለም። ያልታየ ነገር ዋጋ አይሰጠውም፤ ዋጋ ያልተሰጠውን ነገር ደግሞ ማንም ደክሞ አይሠራውም። የኩታበር ገበሬ ጥሩ ስንዴ እንዲያመርት የምንፈልግ ከሆነ፥ በመጀመሪያ ስንዴውን ማየት የሚችል ዓይን ከሚዛኑ አጠገብ ይቁም።