ያገለገለ አውቶሞቢልና የጣርማ በር ቁልቁለት

በሌላው ዓለም አንድ ሰው አዲስ አውቶሞቢል ገዝቶ ከመደብሩ ደጃፍ ባወጣት ዕለት ዋጋዋ ይቀንሳል። ዓመት በጨመረች ቍጥርም እየወረደች ትሄድና በመጨረሻ ለቁርጥራጭ ብረት ትሸጣለች። በእኛ አገር ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሮጌ ሆና የተገዛች መኪና ዛሬ ይበልጥ አርጅታ ስትሸጥ፣ ባለቤቷ ከከፈለው በላይ ታመጣለታለች። ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ዕቁቡን ሰብስቦ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ለቤተሰቡ የምትሆን መኪና ሊገዛ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚሰማው ምክርም «ይህችን ግዛ፤ ዋጋዋ አይወድቅም» የሚል ነው። ይህ ምክር ስለ መኪናዋ በእርግጥ ምን ያህል ይነግረዋል? ለዚህ መልስ ለማግኘት አንባቢዎቻችንን ይዘን ወደ ደብረ ሲና መንገድ ለመውጣት አስበናል።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ዋጋው የሚወጣበትን ምክንያት እንመልከት። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ በአውቶሞቢል ላይ የሚጣለው የኤክሳይዝ ታክስ የሞተሩን መጠን እንጂ የመኪናውን ዕድሜ አይጠይቅም ነበር። ግብሩም የሚታሰበው በአሮጌነቱ በተቀነሰው ዋጋ ላይ ስለ ነበረ፣ መኪናው ባረጀ ቍጥር ቀረጡ ይቀል ነበር። እንግዲህ በዱባይና በአውሮፓ ብዙ ዘመን ያገለገለው ሁሉ በጅቡቲ በኩል እየተጫነ ቢመጣ የሚያስደንቅ አልነበረም። በዚያ ዓመት የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186/2012 ይህን ሥርዓት ገለበጠው፤ ዕድሜው ከሰባት ዓመት ባለፈና ሞተሩ ትልቅ በሆነ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለበት። በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ደግሞ ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኩል ተነገረ። በዚሁ ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ጥቂት ቆይቶ ከ100 ብር አለፈ።

ሦስቱ ነገሮች ተደራርበው ያገለገለችውን መኪና ወደ ላይ ገፏት። ወንዙ ቆሞ በኩሬ ውስጥ የቀረ ዓሣ ዋጋው ቢወደድ ስለ ሰባ አይደለም። ዛሬ የመኪና ገበያ የሚናገረው ስለ ቀረጥ፣ ስለ ክልከላና ስለ ምንዛሪ ነው እንጂ ስለ ሞተርና ስለ ፍሬን አይደለም። ባለቤት ደግሞ ትርፍ ያስገኘችለትን መኪና ማመስገኑ አይቀርም። ይህን ስንል ባለቤቶች ይዋሻሉ ማለታችን አይደለም፤ የሚያመሰግኑት ብዙ ጊዜ ገበያውን መሆኑን ሳያስተውሉት ይቀራሉ ማለታችን ነው።

ለምሳሌ ያህል በከተሞቻችን የብዙ ቤተሰብ ምኞት የሆነችውን ቶዮታ ራቭ ፎርን እንውሰድ። በ1994 እ.ኤ.አ. ለገበያ ስትወጣ መልኳ የገጠር መኪና፣ አሠራሯ ግን የከተማ አውቶሞቢል ስለ ነበረ እንደ አዲስ ነገር ታይታ ነበር። እንደ ላንድ ክሩዘር ለብቻው በቆመ ሻንሲ ላይ የተጫነ አካል የላትም። ከመሬት ከፍ ትላለች፣ አምስት ሰው ትይዛለች፣ ከኋላም ለጓዝ የሚሆን ቦታ አላት። ባለቤቶቿን ብትጠይቋቸው ሁሉም በአንድ ቃል የሚመልሱት አላቸው። መለዋወጫዋ አይጠፋም፣ ማንኛውም መካኒክ ያውቃታል፣ ኮረኮንች አትፈራም፣ ስትሸጥ አትወድቅም ይላሉ። እኛም ይህን አንቃወምም። ዳሩ ግን ይህን የሚመሰክረው ሰው መኪናዋን የሚነዳት ከቦሌ እስከ ፒያሳ ከሆነ፣ ምስክርነቱም ከቦሌ እስከ ፒያሳ ነው። ሚስቱንና ልጆቹን አሳፍሮ ለበዓል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው፣ ሲመለስም ሽንኩርቱንና ማሾውን ጭኖ የሚወጣው ሰው ሌላ ጥያቄ አለው።

መንገዱን የማያውቁ አንባቢዎች ቢኖሩ በአጭሩ እንግለጸው። ከአዲስ አበባ የተነሣ ሰው በ130ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ደብረ ብርሃንን አልፎ ብርዳማውን ሜዳ ይዞ ይሄድና፣ ጣርማ በር ሲደርስ ምድር በድንገት ትቆረጥበታለች። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት፣ 587 ሜትር የሚረዝመው ዋሻ እዚህ ነው። ከዋሻው ወዲያ ጉም፣ ከጉሙ በታች ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲናም በታች የይፋት ቆላ ተዘርግቶ ይታያል። ዋሻው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን ሸዋ ሮቢት በ1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይህ ሁሉ ቁልቁለት የሚያልቀው 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ዋሻውን ካፖርት ደርቦ ያለፈ ተሳፋሪ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ በሸሚዝ ይወርዳል።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። አንዲት ራቭ ፎር ከነሰዎቿና ከነጓዟ 1,900 ኪሎ ግራም ትመዝናለች ብንል፣ 1,800 ሜትር ስትወርድ የሚለቀቀው ኀይል ወደ ሙቀት ቢለወጥ መቶ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ጥቂቱን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ መሸከም አለበት። ነጂው በሁለተኛ ማርሽ ይዞ ከወረደ ሞተሩ ራሱ ይጎትትለታል፤ ካምቢዮውን ነጻ አድርጎ «ነዳጅ ላተርፍ» ያለ ግን መቶውን ሊትር በአራት ትንንሽ የፍሬን ሸራዎች ላይ ይጥደዋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ በየሁለት ዓመቱ ካልተለወጠ በዚህ ሙቀት ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። ፍያት ኤንትሬ እየነዱ ወደ ደሴ ይመላለሱ የነበሩ የጥንት ሹፌሮች ይህን ሒሳብ በወረቀት ባይሠሩትም ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይወርዱ ነበር።

መውጣቱም የራሱ ጣጣ አለው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ ዐሥር ያህል ያጣል። ስለዚህ በቆላው ብርቱ የነበረችው መኪና ጣርማ በር ስትቃረብ ሦስተኛውን እጅ ለመልቀቅ ትንሽ ነው የሚቀራት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ ራዲያተሩን የሚያድነው ግፊት የሚይዘው ክዳኑ ነው። በገበያ ብዙ ገንዘብ የማያወጣው ይህ ክዳን ካረጀ ሞተሩ ይግላል። የጋለ ሞተር ጓርኒሲዮኑን ያቃጥላል፣ ቴስታታውንም ያጣምማል። በተለይ ከሁለተኛው ትውልድ ራቭ ፎር መካከል 2.4 ሊትር ሞተር ባላቸው ላይ፣ የቴስታታው ቡሎኖች በብሎኩ ውስጥ ጥርሳቸው እየለቀቀ ውሃ ማፍሰሳቸው በብዙ አገር የታወቀ ሕመም ነው። በከተማ ውስጥ ይህ ሕመም ተደብቆ ብዙ ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው ዳገት ላይ ግን አይደበቅም።

ስለዚህ ገዢ ባለቤቱን ሲጠይቅ «መኪናዋ እንዴት ናት?» ብሎ ባይጠይቅ ይሻለዋል፤ ለዚህ ጥያቄ መልሱ ከጥንት ጀምሮ «ምንም አትል» ነው። የት የት ሄደሃል? ስንት ሰው ጭነህ? የፍሬን ዘይቱን መቼ ለወጥህ? በወር ስንት ጊዜ ውሃ ትጨምራለህ? የመጀመሪያው ትውልድ 2 ሊትር ሞተር ከሆነም የጊዜ ቀበቶው ተለውጧል ወይ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ በአንድ ቃል ማምለጥ አይቻልም። ራቭ ፎር ሁሉ በአራቱም እግሯ የምትሄድ አለመሆኗንም ብዙ ገዢዎች የሚረዱት ጭቃ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። ከጃፓን የመጡ አንዳንድ አውቶሞቢሎች ደግሞ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ስለሆነ፣ መጋጠሚያው በዐዋቂ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። የኪሎ ሜትር ቈጣሪው የሚለውን እናንተም እንደ እኛ በጥርጣሬ ታዩታላችሁ ብለን እናምናለን።

ሻጩ ለሙከራ እስከ ጣርማ በር እንድትነዱለት አይፈቅድ ይሆናል፤ ነዳጁም ቀላል አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ፣ በመቶ ኪሎ ሜትር ዐሥር ሊትር የምትጠጣ መኪና ሸዋ ሮቢት ለመድረስ ብቻ 225 ኪሎ ሜትሩን ከሁለት ሺህ ብር በላይ ታስከፍላለች። አዲስ አበባ ላይ ለሚገዛ ሰው ግን እንጦጦ ቅርብ ነው። አራት ሰው አሳፍሮ እንጦጦን መውጣት፣ ከላይ ቆሞ የሙቀት መለኪያውን ማየት፣ በሁለተኛ ማርሽ መውረድ፣ ከታች ደርሶ ጎማው አጠገብ የሸራ ሽታ መኖሩን ማሽተት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ይህን አንድ ሰዓት የሚነፍግ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ መልሱን ሰጥቷችኋል ማለት ነው።

ወረቀቱም እንደ ሞተሩ ይመረመራል። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተርና የሻንሲ ቍጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር መመሳሰል አለበት። ቀረጥ ሳይከፈልባት የገባች መኪና በገዢው እጅ ሳለች በጉምሩክ ልትያዝ ስለምትችል ዲክላራሲዮኑን ሳያዩ ገንዘብ መቍጠር ሞኝነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለተሸጠው ዕቃ ጉድለት ኀላፊ ያደርገዋል። ገዢውም ዕቃውን ወዲያው እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዘዋል። እያወቀ የተቀበለውን ጉድለት ግን በኋላ ሊከስበት አይችልም። በየውሉ ላይ እንደ ማሳረጊያ የምትጻፈዋ «አይቼ መርምሬ ገዝቻለሁ» የምትል ቃል ቀላል አለመሆኗን ሕግ የሚማሩ አንባቢዎቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

በመጨረሻም ስለ ኤሌክትሪክ መኪና አንድ ነገር ሳንናገር ብንቀር ወጣቶች ይታዘቡናል። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2022 እ.ኤ.አ. እነዚህን መኪኖች ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ካደረገ ወዲህ፣ ቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ከቻይና እየመጡ የራቭ ፎርን ቦታ መሻማት ይዘዋል። የዓባይ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በጣርማ በር ቁልቁለት ላይ እነዚህ መኪኖች የሚያስቀና ጠባይ አላቸው፤ በፍሬን ሸራ ላይ ይቃጠል የነበረውን ኀይል ሞተራቸው እየያዘ መልሶ ባትሪው ውስጥ ያገባዋል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከወረዱ ግን የሚያስገቡበት ቦታ ስለሌለ ሥራው ተመልሶ ለፍሬኑ ነው። ሲወጡ ደግሞ ከነቤተሰቡ 2,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን አይዲ 4 ለከፍታው ብቻ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ይህም ከትልቁ ባትሪ ሰባተኛው እጅ ነው። ባትሪው ያረጀ ከሆነ ድርሻው ከዚያ ይበልጣል።

ስለ እነዚህ መኪኖች የባለቤት አስተያየት ገና ጥሬ ነው። ብዙዎቹ ባለቤቶች የያዟቸው ሁለትና ሦስት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ስምንት ዓመት ያገለገለ ባትሪ ደብረ ሲና ላይ ምን እንደሚያደርግ ሊነግሩን አይችሉም። አይዲ 6 የተሠራው ለቻይና ገበያ ብቻ በመሆኑ የመስተዋቱ ጽሕፈት ሳይቀር ቻይንኛ ነው። ሁለተኛ እጅ የሚገዛ ሰው እንግዲህ የባትሪውን ጤንነት በመሣሪያ የሚያነብ ጋራዥ ፈልጎ ውጤቱን በወረቀት ይቀበል፣ ወረቀቱንም ከውሉ ጋር ያያይዘው። ከዚያ በኋላ በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት መካከል መሙያ የት እንዳለ፣ መብራት በጠፋ ቀንም ምን እንደሚደረግ፣ መንገዱን በየሳምንቱ የሚመላለሱትን ሰዎች ይጠይቅ።