ለትምህርት ቤት ስናዋጣ

ባለፈው ዓመት በአንድ ሰንበት፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ የሰፈራችን ሰዎች ለልጆች ትምህርት ቤት ገንዘብ ሲያዋጡ እኛም በዚያ ነበርን። ዓይነ ስውር የሆነ የዘጠኝ ዓመት ብላቴና በጉባኤው ፊት አቆሙት። ተናጋሪው የልጁን ችግር አብዝቶ ተረከ፤ እናቶች አለቀሱ፤ ገንዘቡም ከታሰበው በላይ ተገኘ። ልጁ ግን ንግግሩ እስኪያልቅ ድረስ አንገቱን እንደ ደፋ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የገንዘቡን ነገር ብንጠይቅ፥ አጥሩ ታድሶበታል አሉን። ብላቴናውም እንደ ቀድሞው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የጓደኞቹን ንባብ ያዳምጣል። እኛም ሳንጠይቅ ከሰጡት ወገን ነንና፥ ከነቀፋው ድርሻችንን እንወስዳለን።

መምህርቱን፥ «ለመሆኑ እርስዎ ምን ይፈልጉ ነበር?» ብንላቸው፥ «ይህን ስትጠይቁኝ እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ» አሉንና አንዲት ብጣሽ ወረቀት አወጡ። ወፍራም ካርቶን፥ ሙጫ፥ ሲባጎ፥ አንድ የብሬል መጻፊያ ሰሌዳ ከነመውጊያው፤ ይኸው ነው። ዓይናማዎቹ ልጆች ሲባጎውን በካርቶን ላይ በፊደል መልክ ይለጥፋሉ፤ ብላቴናውም በጣቱ ዳስሶ «ለ» በምን ቅጥያ «ሉ» እንደምትሆን ያውቃል። እርሱ በተራው ከአንድ ዘመዱ የተማረውን ብሬል ያሳያቸዋል። ይህን የስድስት ነጥብ ጽሕፈት ዓይነ ስውሩ ፈረንሳዊ ሉዊ ብሬል በ1824 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲያዘጋጅ ዕድሜው 15 ዓመት ብቻ ነበር። በአማርኛው ብሬል «ሉ» አንድ ምልክት አይደለችም፤ ተነባቢው ለብቻው፥ አናባቢውም ለብቻው ይጻፋል። እንግዲህ ዓይናማው ልጅ ስለ ገዛ ፊደሉ ያላስተዋለውን ከዚህ ብላቴና ይማራል ማለት ነው። ይህን የመሰለ ትምህርት በኀዘኔታ ተሸፍኖ ሊቀር ነበር።

በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ ያስተምር የነበረ ቻርልስ ቤስት የተባለ መምህር በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዶነርስ ቹዝ የሚባል ድርጅት መሥርቷል። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች እንዲጽፉለት ባልደረቦቹን ያባበለው እናቱ በሠሩት ጣፋጭ ነበር አሉ፤ የእኛም እናቶች ይህን ዘዴ አያጡትም። በዚያ አሠራር መምህሩ የሚሻውን ዕቃ ከነምክንያቱ ይጽፋል፤ የወደደ ሰው የአቅሙን ያዋጣል፤ ድርጅቱም ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ዕቃውን ገዝቶ ወደ ክፍሉ ይልካል። ሰጪው የገዛውን ያውቃል፤ ዕቃውም ወደ አጥር አይሄድም።

ከዚህ በኋላ በሰፈራችን ሁለተኛ መዋጮ ተደረገ። መምህርቱ ያችን ወረቀት ከነዋጋዋ አነበቡ፤ ልጁን ማንም አላቆመውም፤ ከጓደኞቹ ጋር በግቢው ይጫወት ነበር። የተገኘው ገንዘብ ከፊተኛው እጅግ ያንሳል፤ ያለቀሰም አልነበረም። አንድ ሽማግሌ፥ «ልጄ፥ ሲባጎስ ከቤቴ ሞልቷል፤ አትግዢ» አሏቸው። ካርቶኑና ሙጫው በዚያው ሳምንት ገቡ። ሰሌዳውና መውጊያው ግን ገና አልተገዙም።