አንድ ፌስታል 31 ሺህ ብር አስወጣን

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ጋራዥ የምትሠሩ ልጆች እንዳትቀየሙኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡትና ከዚያ ስደቡኝ።

ነገሬ አጭር ነው። ዕቃ መቀየር ጥገና አይደለም። መገመትም ምርመራ አይደለም። እኛ ዘንድ ግን ሁለቱ ተደባልቀው አንድ ሙያ ከሆኑ ቆዩ፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ደግሞ ባለመኪናው ነው።

አጎቴ ደሴ ነው የሚኖሩት። ከጃንሆይ ዘመን የተረፈች ቮልስ አለቻቸው። እሳቸው ጉልበታቸው ስለደከመ፣ ቅዳሜና እሁድ ከቢስቲማ ስሄድ የምነዳት እኔ ነኝ። ይቺ ቮልስ ባለፈው ዓመት አንድ ክፉ አመል አመጣች። ሜዳ ላይ ሰላም ናት። ከኮምቦልቻ ተነስታ ሐረጎን ስትያያዘው ግን መሃል ላይ ትንተፋተፍና ጭጭ ትላለች። አስር ደቂቃ ጠብቀህ ስታስነሳት ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ትንሽ ትወጣና ደግሞ ጭጭ።

አንደኛው ጋራዥ ገና ሳይነካት "ቲቸር፣ ካርቡራቶሩ አልቆለታል" አለኝ። ያገለገለ ካርቡራቶር፣ 14,000 ብር። ሐረጎ ላይ ቆመች።

ሁለተኛው "ካርቡራቶሩ ደህና ነው፣ የቤንዚን ፓምፑ ነው የደከመው" አለ። 6,500። ሐረጎ ላይ ቆመች።

ሦስተኛው ደግሞ "ነዳጅ አይደለም፣ እሳቱ ነው" ብሎ ቦቢናና ፑንቲና ቀየረ። 4,500። ሐረጎ ላይ ቆመች። የእጅ ዋጋ በድምሩ 6,000 ሲጨመርበት 31,000 ብር። የእኔ የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ አስተማሪ የሆናችሁ ቁጠሩት። አራተኛው "ሞተሩ ይውረድ" ሲለኝ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

የመንገድ ዳር ሊቃውንትማ አይቆጠሩም። አንዱ "ከፍታው ነው" አለ። አንዱ "ሙቀት ነው፣ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ እየፈላ ነው" ብሎ ፓምፑን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለልኝ። ሌላው "በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ቀድተህ ነው፣ ላምባ ተቀላቅሎበታል" አለ።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ያሉት ሁሉ በሆነ መኪና ላይ እውነት ነው። ግምትን አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ከፍታን ውሰዱ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር። ወደ ላይ ስትወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል። ልክ ነው። ነገር ግን ቤንዚን የበዛበት ሞተር ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። አስር ደቂቃ አርፎ፣ እዚያው ከፍታ ላይ እንደ ጤነኛ አይነሳም። የእኛዋ ካንዴላ ንጹሕ ነበር። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚንም ቢሆን ሜዳ ላይ ጨዋ፣ ዳገት ላይ ባለጌ አይሆንም። ካንዴላውን ፈትቶ ያየ ግን ማንም አልነበረም።

ትክክለኛውን ፍንጭ የሰጡን አጎቴ ነበሩ። ከመጀመሪያውም "ይቺ ልጅ ሆዷ ሲሞላ ነው የምትታመመው" ይሉ ነበር። ሙሉ ቤንዚን ሲቀዳላት ይብስባታል ማለታቸው ነው። ማን ሰማቸው? መካኒኮቹ ሳቁ። እኔም፣ የፊዚክስ አስተማሪው፣ እንደ ሽማግሌ ጨዋታ ቆጥሬው አለፍኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የቦይልን ሕግ እያስተማርኩ ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። ሙቀቱ ካልተለወጠ፣ የታፈነ አየር ቦታው ሲሰፋ ግፊቱ ይወርዳል። ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ነገር ነው!

አስቡት። የቮልስ ሰልባትዮ 40 ሊትር ያህል ይይዛል። አፉ ድረስ ሞልታችሁት ከላይ 2 ሊትር አየር ብቻ ቀረ እንበል። አየር ማስገቢያው ተደፍኖ 1 ሊትር ቤንዚን ብታቃጥሉ፣ ያ 2 ሊትር አየር የ3 ሊትር ቦታ መሙላት አለበት፤ ግፊቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ከቤንዚኑ የሚነሳው ትነት ትንሽ ያካክሳል እንጂ አያድንም። ፓምፑ ቢስብ ቢስብ፣ ጋኑ መልሶ ወደ ራሱ ይስባል። ጋኑ ግማሽ ሲሆን ግን ከላይ 20 ሊትር አየር አለ። 1 ሊትር ስታቃጥሉ 20ው 21 ይሆናል፤ ግፊቱ የሚወርደው 5 በመቶ አይሞላም። ሆዷ ሲሞላ የምትታመመው ለዚህ ነው! ዳገት ላይ የሚብስባትም ብዙ ስለምትጠጣ ነው፤ አየሩ ሾልኮ ከሚገባው በላይ ቤንዚኑ ፈጥኖ ይወጣል። ስትቆም ደግሞ አየሩ ቀስ እያለ ይገባና ትድናለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሙሉ ቀዳሁላትና ሐረጎን ጀመርኩ። ጭጭ ስትል ወርጄ የፊት ኮፈኑን ከፈትኩ፣ የጋኑን ክዳን ፈታሁ። ፍሽሽሽ! አየር ሲገባ በጆሮዬ ሰማሁት። ክዳኑ ሥር ተጣጥፎ አፉን ያፈነው ምን ነበር? ጥቁር ፌስታል።

ፌስታሉን ማን አደረገው? እኔ። ክረምት ላይ የኮፈኑ ጎማ ስላረጀ ዝናብ ወደ ጋኑ እንዳይገባ ብዬ፣ በእነዚህ በሁለት እጆቼ። ረስቼዋለሁ። የጠየቀኝም የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ሳላውቀው ደብቄ ነበር። ፌስታሉን አወጣሁ፣ ቮልሷ ደሴ ገባች። የጥገናው ዋጋ ዜሮ ብር።

"ለአሮጌ ቮልስ ይህ ሁሉ ፍልስፍና?" የምትሉ ትኖራላችሁ። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራች፣ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ሜክሲኮ ውስጥ ትመረት የነበረች መኪና ናት። ዛሬ ሀብታሞች የሚሻሙበት አሮጌው የስፖርት መኪና ፖርሽ 356 በ1948 እ.ኤ.አ. ሲወለድ ብዙ አካሉን የወሰደው ከእሷ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ቮልስ ምንም የምትደብቀው ነገር የላትም። ኮምፒውተር የላት፣ ሴንሰር የላት። ጋን፣ ቱቦ፣ ፓምፕ፣ ካርቡራቶር፤ አለቀ። በዓይን የሚታየውን መንገድ ተከትለን መመርመር ካልቻልን የማይታየውን እንዴት ልንችል ነው?

ምርመራው ይህን ይመስላል። በጠፋችበት ሰዓት፣ እዚያው፣ ቁልፉን አጥፍታችሁ፣ ሞተሩ በረድ ሲል፣ ሲጋራ የያዘውን ሰው አባርራችሁ፦

መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አንሱና የካርቡራቶሩን ጉሮሮ እያያችሁ የነዳጅ መስጫውን በእጅ ሳቡት። ቤንዚን ከረጨ ነዳጅ ደርሷል፤ ወደ እሳቱ ሂዱ። ካልረጨ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ከዚያ ወደ ካርቡራቶሩ የሚገባውን ቱቦ ንቀሉና ጠርሙስ ውስጥ ክተቱት። ብልጭታ እንዳይኖር የቦቢናውን ሽቦ ነቅላችሁ ሞተሩን በቁልፍ አዙሩት። ፓምፑ ትር ትር እያደረገ ከተፋ ጥፋቱ ካርቡራቶሩ ውስጥ ነው። ካልተፋ ጥፋቱ ፓምፑ ላይ ወይም ከእሱ በፊት ነው።

ከዚያ ወደ ፓምፑ የሚገባውን ንቀሉ። ከጋኑ በራሱ ይወርዳል? ከወረደ ፓምፑን ጠርጥሩ። ካልወረደ የጋኑን ክዳን ክፈቱ። አሁን ወረደ? እንግዲያው አየር ነው ያጣችው። አሁንም ካልወረደ ፊልትሮ፣ ዝገት፣ የተጣጠፈ ጎማ ፈልጉ። ጎማው የተሰነጠቀ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት፤ ትኩስ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን መኪናውን ያነደዋል። በአፍ መሳብም ይቅርባችሁ።

ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አንዱ እርምጃ ለሌላው መልስ ይሰጣል፤ አንድም ዕቃ አይገዛም።

አሁን መካኒኮቹ የሚሉኝን አውቃለሁ። "ቲቸር፣ ደንበኛው ለምርመራ አይከፍልም። ሩብ ሰዓት አይቼ 'ፌስታል ነው፣ 500 ብር' ብለው 'ፌስታል ላወጣህበት?' ብሎ ይጮህብኛል። 14,000 ብር ካርቡራቶር ብሸጥለት ግን አመስግኖኝ ይሄዳል።" እውነት ነው፣ እቀበላለሁ። ለዕቃ እንጂ ለዕውቀት መክፈል አልለመድንም። ግን ይህ ሳይመረምሩ ለመሸጥ ፈቃድ አይሆንም። ሐኪም ቤት ገብተህ ሐኪሙ ሳይነካህ "ኩላሊቱ ይቀየር" ቢል ዝም ትላለህ?

ከሁሉም በላይ ግን የምወቅሰው እኛን አስተማሪዎችን ነው። ከእነዚያ ጋራዦች በአንዱ የሚሠራው ልጅ የእኔ ተማሪ ነበር። ቦይልን ፈተና ላይ በትክክል ጽፎልኛል፣ እኔም ሙሉ ማርክ ሰጥቼዋለሁ። ቀመሩ ግን ለእሱም ለእኔም ወረቀት ላይ የሚኖር ነገር ነበር። "ለምን ሲሞላ ይብሳል?" ብለን እንድንጠይቅ ማንም አላስለመደን። ገማች ያፈራነው እኛው ነን።

ጉዳዩ እየከበደ ነው የሚሄደው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ይኖራሉ፤ መለዋወጫቸው ይወደዳል። የሚመጡት ኤሌክትሪኮችም ከግምት አያድኑንም። ኮምፒውተሩ የስህተት ቁጥር ይነግርሃል፤ ምክንያቱን መርምሮ የሚያገኘው ሰው ነው። ቁጥር እያየ ዕቃ የሚቀይር መካኒክ ያው ገማች ነው፣ ግምቱ ብቻ ውድ ይሆናል።

ስለዚህ ባለመኪናዎች፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት "ይህ እንደሆነ በምን አወቅህ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሰጣችሁ ለመልሱ ክፈሉት። መካኒኮች፣ ባለመኪናውን "መቼ ይብሳል? መቼ ይሻላል? በመጨረሻ ማን ነካት?" በሉት። እኔን እንዲያ ብሎ የጠየቀኝ ቢኖር ፌስታሉ ትዝ ይለኝ ነበር።

ፌስታሉን ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎቼ አስቀምጬዋለሁ። የቦይልን ሕግ በእሱ ነው የምጀምረው።

አጎቴ ሰላም ብለዋችኋል። "ነግሬያችሁ ነበር" ይላሉ።